የካውያው ክብደት

ቅዳሜ ሚያዝያ 12 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከሸጎሌ በላይ ባለው አሮጌ የድንጋይ ካባ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበሩ። ፊሽካና ስቶፕዎች የያዘችው ዳኛ ዋና ኢንስፔክተር ሰምሀል፤ የሽጉጥ ተኩስ ሲያስተምሩ ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው ጡረተኛው ሻምበል ባሻ ይርጋለም፤ በዚያ ቀን የምትፈተነው ሳጅን ቤርሳቤህ፤ የራሱን ፈተና በዋዜማው ጨርሶ ውጤት ጸሐፊ የተደረገው ኮንስታብል ሲላስ፤ አምስተኛው ገመድ ያዡ ጀቤሳ ነበር።

ፊሽካው ተነፋ። ጀቤሳ ገመዱን ሳበ።

ሃያ አምስት ሜትር ርቆ በጎኑ የቆመው ሰሌዳ ዞሮ ፊቱን ሰጠ። ቤርሳቤህ ወደ መሬት አዘንብላ የያዘችውን ቀኝ ክንዷን አነሣች። ማካሮቭ ሽጉጧ ጮኸ። ጀቤሳ ከእሷ በአራት ርምጃ ርቀት፣ በአሸዋ ጆንያዎች መሀል ተቀምጦ፣ ገመዱን እንደወጠረ የሚያየው ዒላማውን ሳይሆን ክንዷን ነው። አሥራ አንድ ዓመት ገመድ ሲይዝ ይህን ለምዷል። ወረቀቱ ላይ የሚገኘውን ነገር ክንድ አስቀድሞ ያሳያል። ሁለተኛው ጥይት ወጣ። በሦስተኛው ላይ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ቀረበ። በአራተኛው ክርኗ ታጠፈ። አምስተኛው ከአራተኛው ጋር ሊደረብ ምንም አልቀረው። ፊሽካው በድጋሚ ተነፋ። ጀቤሳ ገመዱን ለቀቀ፤ ሰሌዳውም ከሥሩ ባለው ስፕሪንግ ኃይል ተስፈንጥሮ ወደ ጎኑ ተመለሰ።

«ሽጉጥ ባዶ ይሁን፤ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ» አለች ሰምሀል።

ቤርሳቤህ ካዝናውን አውጥታ ሽጉጡን አስቀመጠች። ማንንም አላየችም።

ፈተናው አራት ዙር ነው። በእያንዳንዱ ዙር አምስት ጥይት በአሥር ሴኮንድ ውስጥ፣ በአንድ እጅ ይተኮሳል። አንድ ጥይት እስከ ዐሥር ነጥብ ያስገኛል፤ ከፍተኛው ድምር ሁለት መቶ ነው። መቶ ስልሳ ያገኘ በፖሊስ የተኩስ ክለቡ ይቆያል። ከዚያ በታች ያገኘ ወደ መደበኛ ሥራው ይመለሳል። ለቤርሳቤህ የተመደበላት መደበኛ ሥራ ከአዋሽ ወዲያ ያለ የፍተሻ ኬላ ነበር። ደብዳቤው ተጽፏል፤ የቀረው ማኅተም ብቻ ነው። በኬላው አካባቢ ትምህርት ቤት የለም፤ መኖሪያውም ለስድስት ፖሊስ የተሠራ አንድ ቆርቆሮ ቤት ነው። ቤርሳቤህ ደግሞ ኢየሩ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ አለቻት። የልጅቷ አባት ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል። በአዲስ አበባ ዘመድ የላቸውም፤ ያላቸው የአዲሱ ገበያዋ ጸሎት ቤታቸውና የኪራይ ክፍላቸው ነው።

ሰምሀል፣ ሲላስና ጀቤሳ ወደ ሰሌዳው ሄዱ። ቀዳዳዎቹን የምትቈጥር ሰምሀል ናት፤ ሲላስ ይጽፋል፤ ጀቤሳ ቀዳዳውን በክብ ወረቀት ይለጥፋል።

«ዐሥር። ዘጠኝ። ስምንት። ሰባት። ሰባት። አርባ አንድ» አለች።

ጀቤሳ መለጠፊያውን በምራቁ እያረጠበ ቀዳዳዎቹን አያቸው። የመጀመሪያው መሀሉን መትቷል። ሁለተኛው ከሱ ከፍ ብሎ ወደ ቀኝ፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው ከፍ ብሎ ወደ ቀኝ። ልክ ሰው የሚወጣበት ደረጃ ይመስላሉ።

በሁለተኛው ዙር ደረጃው ረዘመ። የመጨረሻው ጥይት ከወረቀቱ ጠርዝ አጠገብ ገባ። ውጤቱ ሠላሳ አምስት ሆነ።

«ሰባ ስድስት» አለ ሲላስ ደምሮ። ድምፁን ዝቅ ቢያደርግም ካባው ያስተጋባል፤ ቤርሳቤህ ሰማችው።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ዙር መሀል የዐሥር ደቂቃ ዕረፍት አለ። ሻምበል ባሻ ይርጋለም ከድንጋይ መቀመጫቸው ተነሥተው በዝግታ መጡ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ከላይ የወታደር ካፖርት፣ ከራሳቸው ላይ ቡናማ የሱፍ ቆብ አለ። በዐቢይ ጾም ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ስለማይቀምሱ በእነዚህ ሳምንታት ንግግራቸው አጭር ነው።

«አንቺ ልጅ» አሉ። «የመጀመሪያው ጥይት ያንቺ ነው። የተቀሩት የማን ናቸው?»

«አላውቅም ባሻዬ። ሽጉጡ ሲራገጥ ይዞኝ ይሄዳል።»

«ሦስት ወር ሙሉ ያልያዘሽ ዛሬ ነው ይዞሽ የሚሄደው?»

«ቀስ ብዬ ስተኩስ አይዘኝም። ሲፈጥን ነው።»

«ታዲያ ምን እየሠራሽ ነው ማታ ማታ? ካውያውን ይዘሻል?»

«በየቀኑ። ሁለት መቶ ጊዜ አነሣለሁ። አንድ ቀን አላሳለፍኩም።»

ሁለት መቶ ጊዜ ከሻምበል ባሻ ትእዛዝ በላይ ነው። የክለቡ ሽጉጥ ከግምጃ ቤት ስለማይወጣ፣ ተኳሾቹ ማታ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ጥቁር ነጥብ ለጥፈው፣ የልብስ ካውያ በአንድ እጅ ወደ ነጥቡ እየዘረጉ ክንዳቸውን እንዲያለማምዱ ያዘዙት እሳቸው ናቸው። ልማዱ ከሳቸው አለቃ የመጣ ነው፤ የሳቸው አለቃ ከማን እንደተማሩት አይታወቅም።

ሲላስ ውጤት መያዣውን በብብቱ ይዞ ቀረበ። ጨዋታ አይጠፋውም፤ በተለይ ሰው ሲጨነቅ።

«ባሻዬ፣ ጥፋቱ የጾሙ ነው» አለ። «እኔና እርስዎ በጾም በደከመ ክንዳችን ሽጉጥ ስንይዝ ይከብደናል፤ አርፎ ይቀመጣል። ጴንጤዋ እንቁላሏን በልታ ስለምትመጣ ይቀልላታል። እንደ ላባ ነው የምታነሣው።»

«እንቁላል ተወደደ እኮ ሲላስ» አለች ቤርሳቤህ ሳትስቅ። «ዳቦ በሻይ ነው የበላሁት።»

ጀቤሳ መለጠፊያውን ሲያዘጋጅ እጁ ቆመ።

ይቀልላታል።

ከሦስት ወር በፊት፣ በጥር፣ ቤርሳቤህ ግምጃ ቤቱ ደጅ ላይ አግኝታው ነበር። ካውያ እንደሌላት፣ የጎረቤቷን ተውሳ ቶሎ እንደወሰዱባት ነገረችው። ጀቤሳ የባለቤቱን የደራርቱን የተቃጠለ ካውያ ሰጣት። በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። «ጋሽ ጀቤሳ፣ ቀለለኝ። ትንሽ የሚያከብዱበት ነገር የለም?» አለችው። ደስ አለው። ክለቡ ውስጥ ከባድ ነገር ፈልጎ የመጣ ሰው አይቶ አያውቅም። የካውያውን የውስጥ ዕቃ አወጣ። ከካባው አፈር ውስጥ የተተኰሱ ጥይቶችን ለቅሞ፣ እርሳሳቸውን በቆርቆሮ ጣሳ አቅልጦ፣ ባዶውን ቦታ ሞላው። አዲሱ ገበያ ሥጋ ቤት ወስዶ አስመዘነው፤ ሁለት ኪሎ ከሰባት መቶ። ማካሮቩ ከነጥይቱ አንድ ኪሎ አይሞላም። ጀቤሳ ግን ከባድ ያነሣ ቀላሉን መቼም አያቅተውም ብሎ አሰበ። ለሻምበል ባሻ አልነገራቸውም። ከካባው የሚለቀመው እርሳስ የግምጃ ቤቱ ንብረት ነው፤ አንዱን እንኳ ወደ ቤት የወሰደ ከሥራ እንደሚታገድ በሩ ላይ ተለጥፏል። ማስታወቂያውን የለጠፈው ራሱ ጀቤሳ ነበር።

አሁን ቤርሳቤህን አያት። ከጠረጴዛው አጠገብ ቆማ ቀኝ ትከሻዋን በግራ እጇ ታሻለች። ትከሻው ሽጉጥ ሳይኖርበትም ከግራው ከፍ ብሏል። ያ ክንድ ሦስት ወር ሙሉ የተማረው ከባድ ነገር ሲወርድበት በትከሻ ማንሣትን ነው። ሽጉጡ ተራግጦ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ክንዷ እንዲመለስ አይተወውም፤ ካውያውን እንደሚያነሣ ሆኖ ይበልጥ ያነሣዋል። ለዚህ ነው ቀዳዳዎቹ ደረጃ የሚወጡት።

አምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ከዕረፍቱ ሰባት ደቂቃ ቀርቷል።

ከካባው በላይ ባለው መንገድ ሰዎች ለፋሲካ የሚሸጡ በሬዎች እየነዱ ወደ ሸጎሌ ይወርዱ ነበር። ቀይ ባንዲራው ተሰቅሎ ስላዩ ከመታጠፊያው ላይ ቆመዋል። አንዱ ነጂ ከላይ ሆኖ ጮኸ።

«እናንተ ሰዎች፣ ጨረሳችሁ? በሬው ደነበረብን እኮ።»

«ማለፍ ትችላላችሁ። አምስት ደቂቃ አለን» ብላ መለሰችለት ሰምሀል። ባንዲራውን እንዲያወርድ ለሲላስ ምልክት ሰጠችው።

በሬዎቹ ማለፍ ጀመሩ። ጀቤሳ የመጨረሻው በሬ ካለፈ በኋላ እናገራለሁ ብሎ ወሰነ። የመጨረሻው አለፈ። ከኋላው ሌላ መጣ። እሱም አለፈ። ሲላስ ባንዲራውን መልሶ ሊሰቅል ገመዱን ሲፈታ፣ ጀቤሳ ራሱን ከሻምበል ባሻ ፊት አገኘው።

«ባሻ፣ ካውያው ነው» አለ።

«ምን?»

«ካውያዋ። እኔ ነኝ የሰጠኋት። እ… ማለቴ፣ አክብጄዋለሁ። ውስጡን እርሳስ ሞልቼዋለሁ።»

«የምን እርሳስ?»

ጀቤሳ አገጩን ወደ ካባው አፈር ጠቆመ።

ሻምበል ባሻ አፈሩን አዩ፤ እሱን አዩ። «ስንት ኪሎ ነው?»

«ሁለት ከሰባት መቶ።»

«በምን አወቅህ?»

«ሥጋ ቤት አስመዘንኩት።»

ቤርሳቤህ ከጠረጴዛው ዞራ ታዳምጣለች። «እኔ ነኝ ያስከበድኩት ባሻዬ» አለች። «እሳቸው ምንም አላጠፉም። ይጠነክራል ብዬ ነው።»

«ዝም በይ።» ሽማግሌው ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ጀቤሳ ይህን ያውቃል፤ ሲቆጡ የባሰ ዝግ ይላሉ። «አንተ የአሥራ አንድ ዓመት ሰው ነህ። ሦስት ወር ሙሉ እዚህ ተቀምጠህ ትከሻዋን ስታይ ነበር።»

«ዛሬ ነው የገባኝ።»

«ዛሬ ምን ይሠራልኛል?»

ሻምበል ባሻ ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ ቆባቸውን አወለቁ፤ ራሳቸው ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው። ቤርሳቤህን ወደ መስመሩ መለሷት፤ ባዶውን ሽጉጥ አስያዟት፤ ቆቡን በቀኝ ትከሻዋ ላይ አስቀመጡ።

«አንሺ።»

አነሣች። ቆቡ ወደ አንገቷ ተንሸራተተ።

«አየሽ? ይኸው ካውያሽ። ትከሻሽን ጣይው። በትከሻ አይደለም፣ ክንዱ ብቻውን ይውጣ። ክርንሽን ቆልፊው። እንዲያ። አንጓሽንም። ከእጅሽ እስከ ትከሻሽ አንድ እንጨት ነሽ። ድጋሚ።»

አነሣች። ቆቡ ተነቃነቀ፤ አልወደቀም።

«ሲራገጥ አትከልክይው፤ አታግዢው። ይውጣ። ክርንሽ ከተቆለፈ በወጣበት መንገድ ነው የሚወርደው። ሲወርድ አንቺ እዚያ ጠብቂው፤ ከዚያ ቃታውን ሳቢ። በእጅሽ ሙሉ አትጭመቂ፤ ጣትሽ ብቻውን ይሥራ። መጀመሪያ የያዝሽውን ያህል እስከ አምስተኛው ያዢ። አትጨምሪ፤ አትቀንሺ።»

«ሰዓቱስ?»

«ዐሥር ሴኮንድ ረጅም ነው። ለቸኮለ ሰው ነው የሚያጥረው።»

ስምንት ጊዜ አነሣች። በስምንተኛው ቆቡ ትከሻዋ ላይ እንደ ተኛ ድመት ቀረ።

«ጊዜ» አለች ሰምሀል። «ሻምበል ባሻ፣ ይቅርታ፤ ቆቡ ይነሣ።»

ቆባቸውን አነሡ፤ ግን አላጠለቁትም። በጀቤሳ አጠገብ ሲያልፉ ሳያዩት፣ «ገመድህን ያዝ» አሉ።

በሦስተኛው ዙር የቤርሳቤህ ትከሻ በሁለተኛው ጥይት ላይ ተነሣ፤ ራሷ አወቀችውና መልሳ ጣለችው። ያን ለማድረግ አንድ ሴኮንድ ሄደባት። ክርኗ ግን እስከ መጨረሻው አልታጠፈም። ጀቤሳ ቀዳዳዎቹን ሲለጥፍ ደረጃው ፈርሷል። አራቱ በአንድ ቦታ ተሰብስበዋል፤ አንዱ ብቻውን ወደ ላይ ሸሽቷል። አርባ አንድ።

«መቶ ዐሥራ ሰባት» አለ ሲላስ። በዚህ ጊዜ ቀልድ አልጨመረም። «አርባ ሦስት ያስፈልጋታል።»

በእነዚያ ሦስት ወራት አርባ ሦስት ያመጣችው በቀስታ ተኩስ ብቻ ነበር።

ጀቤሳ ወደ አሸዋ ጆንያዎቹ ተመለሰ። ገመዱን በመዳፉ ላይ ጠመጠመ። ላብ ስላለው ፈታው፤ እጁን በሱሪው ላይ ጠርጎ እንደገና ጠመጠመ። አንድ ነገር በሐሳቡ መጣበትና ሊያባርረው ፈለገ። ፊሽካው ሲነፋ ገመዱን የሚለቀው እሱ ነው። የሰምሀል ዐይን በስቶፕዎቿ ላይ ይሆናል። ግማሽ ሴኮንድ ቢዘገይ ማንም አያውቅም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ አልዘገየም፤ ስለዚህ ማንም አይጠረጥርም።

ፊሽካው ተነፋ። ገመዱን ሳበ።

ክንዷ ብቻውን ወጣ። ትከሻዋ ተኛ። የመጀመሪያው ጥይት። አፈሙዙ ወደ ላይ ተነሣ፤ ቀጥ ብሎ ወረደ፤ እንደ ኬላ አግዳሚ ቦታው ላይ ገባ። ሁለተኛው። ጀቤሳ በልቡ ይቈጥራል፤ አራት ሴኮንድ። ሦስተኛው። ክርኗ ቀጥ እንዳለ ነው። ስድስት። አራተኛው። ቀልሃው ከጆንያው ላይ ነጥሮ እግሩ ሥር ወደቀ። ስምንት። አፈሙዙ ወረደ። ግን አልተኰሰችም፤ ምናልባት የፊትና የኋላው ማነጣጠሪያ አልገጠመላትም፤ ጠበቀች። ዘጠኝ። በድሮው ክንዷ ቢሆን ይህን ጊዜ ቃታውን በችኮላ ስባው ነበር። እሷ ግን ጠበቀች። ጀቤሳ ገመዱን የያዘው እጁ የራሱ አልመስለው አለ።

ፊሽካውና ጥይቱ አብረው ተሰሙ።

ጀቤሳ ገመዱን ለቀቀ።

ቤርሳቤህ ሽጉጡን ባዶ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ሁሉም፣ ሻምበል ባሻም ጭምር፣ ወደ ሰሌዳው ሄዱ።

አራቱን ቀዳዳዎች በአንድ የሻይ ብርጭቆ አፍ መሸፈን ይቻላል። ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ዐሥር፣ ዘጠኝ። ሠላሳ ሰባት። አምስተኛው ከእነሱ ትንሽ ወደ ግራ፣ በስምንቱ ክበብ ውስጥ ገብቷል። ክብ ግን አልነበረም። ሰሌዳው እየዞረ ሳለ ስላገኘው ወረቀቱን ወደ ጎን ቀዶታል።

ደንቡን ሁሉም ያውቀዋል። ሰሌዳው ሲዞር የገባ ጥይት፣ ቀዳዳው ከዐሥራ አንድ ሚሊሜትር ካልረዘመ ይቈጠራል። ከረዘመ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ እንደተተኰሰ ተወስዶ ዜሮ ይሆናል።

ሰምሀል ከኪሷ የብረት ማስመሪያ አወጣች። ለካች። ወረቀቱን በጣቷ አስተካክላ እንደገና ለካች። ማስመሪያውን ለሻምበል ባሻ ሰጠቻቸው። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ ጎንበስ አሉ።

«ዐሥራ ሁለት» አሉ ቀና ሲሉ።

ሲላስ እስክሪብቶውን በወረቀቱ ላይ እንዳስደገፈ ቀረ።

«አንድ ነገር አለ» አለች ሰምሀል። ወደ ጀቤሳ ዞረች፤ እሱን የምታናግረው ሁልጊዜ በአክብሮት ነው። «ገመዱ ከፊሽካው በፊት ተለቆ ከሆነ ጥፋቱ የተኳሿ አይደለም። ዙሩ ይደገማል። ጋሽ ጀቤሳ፣ ከፊሽካው በፊት ለቀውት ነበር?»

ጥያቄው ከባድ አልነበረም። አንድ ቃል ነው የሚፈልገው። ጀቤሳ ሻምበል ባሻን አላያቸውም፤ ሲላስንም አላየም። ቤርሳቤህን አያት። ከንፈሯ ነጥቷል። ምንም አላለችውም፤ በዐይኗም አልጠየቀችውም። ቀኝ ክንዷ በጎኗ ወርዷል፤ ሁለቱ ትከሻዎቿ እኩል ናቸው።

«በፊሽካው ላይ ነው የለቀቅኩት» አለ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«እኔም ሰምቼዋለሁ» አለች ቤርሳቤህ። «ፊሽካው ቀድሞኛል።»

ሰምሀል ማስመሪያውን ወደ ኪሷ መለሰች። «ሠላሳ ሰባት። ጠቅላላ መቶ ሃምሳ አራት።»

ሲላስ ጻፈ። ሻምበል ባሻ ወረቀቱን ከሰሌዳው ላይ በጥንቃቄ ነቅለው አራቱን ቀዳዳዎች ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ አጥፈው በካፖርታቸው ኪስ አስገቡትና ቆባቸውን አጠለቁ።

«ይህን ክንድ እንዳትጥይው» አሏት። «በመስከረም ፈተና አለ። የምታነሺው ካውያ አንድ ኪሎ ይሁን። ከዚያ አንድ ግራም አይለፍ።»

«እሺ ባሻዬ።»

ወደ አዲሱ ገበያ ሲወርዱ ጀቤሳና ቤርሳቤህ በአንድ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። በመንገዱ ዳር ሴቶች ለነገው ሆሳዕና ዘንባባ ይሸጡ ነበር።

«ኢየሩ ቀለበት ሥሪልኝ ትለኛለች» አለች ቤርሳቤህ ዘንባባውን በመስኮት እያየች። «በእኛ ቤት አይደረግም እላታለሁ። የጎረቤት ልጆች ያደርጋሉ ትለኛለች።»

«ግዢላት» አለ ጀቤሳ። ትንሽ ቆይቶ፣ «የኛ ቤት ከትምህርት ቤቷ ሩቅ አይደለም» አለ። «ደራርቱን ዛሬ አነጋግራታለሁ።»

ቤርሳቤህ እስኪወርዱ ድረስ ፊቷን ከመስኮቱ አላነሣችም።

ጀቤሳ እርሳሱን ከካውያው አውጥቶ ሰኞ ጧት ለግምጃ ቤቱ አስረከበ፤ የአንድ ወር ደመወዝ ተቀጣ፤ ከገመዱ ግን አልተነሣም። ግንቦት 5 ቀን ቤርሳቤህ ከአዋሽ ወዲያ ወዳለው ኬላ ሄደች። ኢየሩ አዲስ አበባ ቀረች፤ አንደኛ ክፍልን ከጀቤሳና ከደራርቱ ቤት እየተመላለሰች ጨረሰች።